ለጥርስ ብሎ የመድን ደብተር ማሳደስ ያዋጣል?

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እድሳት በመጣ ቁጥር ደሴም ኮምቦልቻም አንድ ጭቅጭቅ አይጠፋም። የወር ደመወዝ የሌለው ሰው በዓመት አንዴ መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ያሳድሳል። ከዚያ ቤተሰቡ ጤና ጣቢያ ይታከማል፣ ሲብስ በሪፈር ሆስፒታል ይሄዳል። ጥርስ ላይ ሲደረስ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። አንድ የኮምቦልቻ ባለባጃጅና አንዲት የደሴ ነጋዴ እንዲህ ተሟገቱ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ዘንድሮ አላሳድስም። አምና የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተቦረቦረ። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካት ብቻ ነበር የምትጠዘጥዘኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ማስታገሻና ሪፈር ሰጡኝ። ባጃጄን አቁሜ፣ የቀን ገቢዬን ትቼ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ተራዬ ሲደርስ ባለሙያዋ አፌን አየችና «ይሄ ይሞላ ነበር፣ ግን መሙያው አልቋል፤ ከፈለግክ እንነቅልልሃለን» አለችኝ። ደህናውን መንጋጋ በነፃ ስለሆነ ላስነቅለው? ወጥቼ በራሴ ብር የግል ክሊኒክ አስሞላሁት። ታዲያ መዋጮዬ ምን ሠራልኝ?

ከደሴ፦ ወንድሜ፣ ያናድዳል፣ አልክድህም። ግን በአንድ ቀዳዳ ተናደህ ደብተሩን መጣልህ አልገባኝም። ያስሞላሃት ጥርስ ዕድለኛ ናት። ሳትሞላ ብትቆይ ነርቩ ጋ ደርሳ መግል ትቋጥር ነበር፣ የታችኛው መንጋጋ መግል ደግሞ ወደ አገጭ ስር ወርዶ አንገት ሲያሳብጥ የአየር መተላለፊያ እስከ መዝጋት ይደርሳል። እንዲህ የሆነ ሰው ሆስፒታል ይተኛል፣ አንቲባዮቲክ በመርፌ ይወስዳል፣ መግሉ ተቀዶ ይወጣል። የዚያን ቀን ሂሳብ በባጃጅ ገቢ ልትችለው ነው? እድሳት ደግሞ ጊዜ አለው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ጉንጭህ አብጦ «አሁን ልክፈል» ብትል ማን ይሰማሃል። ደግሞ የኛ ሰው ከሰዓት ጫቱ ላይ ተቀምጦ ስኳር የበዛበት ሻይ ሲደጋግም ነው የሚውለው፤ በዚህ ላይ ያለ መድን መኖር ድፍረት ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ጫቱን ተይው፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው። አንቺ ያልሽው ለእኔ ነው የሚያግዘው። መድኑ እስኪብስብኝ ይጠብቀኛል፣ ሳይብስ ግን አያውቀኝም ማለት ነው። ደግሞ ጥርስ ተነቅሎ ነገሩ አያልቅም። ጎረቤቱ ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ከላይ ያለው ቁልቁል ይወርዳል፣ በአንድ ወገን ስታኝኪ ትኖሪያለሽ። እስቲ እናስተክል ካልሽ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ መድኑ አይሸፍነውም፣ ከውበት ጋር ደምረውታል። ቆሎ መቆርጠም ውበት ነው እንዴ? ለመንቀል ሲሆን አለንልህ፣ ለመተካት ሲሆን የለንም።

የሚያበሳጨኝ ሌላም አለ። ግላስ አዮኖመር የሚባል መሙያ አለ፤ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ጠርጎ፣ ያለ ማሽንና ያለ መብራት መሙላት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍሎራይድ ጥርስ ሳሙና ጋር አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሰማይ ጠቀስ ነገር አልጠየቅኩም፣ ጤና ጣቢያ ይኑር ነው ያልኩት።

ከደሴ፦ እሱን እኔም እፈርምልሃለሁ። ግን ከውጭ ሆነህ ማንን ትጠይቃለህ? ይሄ መድን እኮ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው ተሁለደሬ ነበር። ካዝናው በአብዛኛው የሚሞላው በአባላት መዋጮ ነው። ጤነኛው «አልታመምኩም» ብሎ ከወጣ በሽተኛው ብቻ ይቀራል፣ ያኔ መሙያ ቀርቶ ጓንትም ይጠፋል። የደሴ ሆስፒታል በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉንም አትርሳ፤ ከዚያ ላይ የተነሳ ቤት ነው።

አንተ ጋ ደግሞ አንድ ነገር ጎድሏል ባይ ነኝ። «የለም» ሲሉህ ዝም ብለህ ወጣህ። መሙያው መቼ ይገባል ብለህ ቀጠሮ ታስይዛለህ፣ አለመኖሩን ካርድህ ላይ ታስጽፋለህ፣ ካርዱን ይዘህ መድን ቢሮ ትሄዳለህ። ያልተጻፈ «የለም» ቢሮ ደርሶ አያውቅም።

ከኮምቦልቻ፦ አስጽፍ? አንቺ የምታውቂውን የካርድ ክፍል ሰልፍ ረሳሽው መሰለኝ። ባለሙያዋ ከኋላዬ ስንት ሰው አፉን ይዞ ቆሞ እያየች ለእኔ ደብዳቤ ልትጽፍ? የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ዛሬ መሙያ አለ ወይም የለም የሚል ወረቀት በር ላይ ይለጠፍ፣ ጤና ጣቢያውም ሪፈር ከመጻፉ በፊት ደውሎ ያጣራ። ያን ጊዜ ከኮምቦልቻ ተነስቼ ለባዶ አልመጣም። ይህ እስኪሆን ድረስ ለጥርሴ በየወሩ ትንሽ ብር እቆጥባለሁ፣ ደብተሩን ካሳደስኩም ለልጆቹ ጉንፋንና ተቅማጥ ብዬ ነው።

ከደሴ፦ ልጆችህ ጥርስ የላቸውም? ስድስት ዓመት የሞላት ካለች ከወተት ጥርሶቿ በስተኋላ የምትበቅለውን መንጋጋ እያት። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ እየመሰለው «ትወልቃለች» ብሎ ይተዋታል። አትወልቅም፣ ምትክም የላትም። ሳትቦረቦር አሳያት፣ ስሟም ደብተሩ ላይ መኖሩን አረጋግጥ።