ለውጥ ስንት ክሬዲት ነው?

ልጄ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ዋና ትምህርቷ ባዮሎጂ ነው። ዘንድሮ ግን ከባዮሎጂው ጎን ስለ ማኅበራዊ ለውጥ የሚያስተምር አንድ ኮርስ ይዛለች። ሦስት ክሬዲት። ምን ምን እንደሚማሩ ስጠይቃት የቤት ኪራይ፣ እስር ቤት፣ ስደት፣ የሠራተኛ ማኅበር እያለች ዘረዘረችልኝ። ከክፍል ውጪ ደግሞ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሄደው ሃያ ሰዓት ያገለግላሉ። እሱም ማርክ አለው።

እኛም አገር እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያንገበግበው ተማሪ ጠፍቶ አያውቅም። ብቻ የሚመዘግበው ሬጅስትራር አልነበረም። ደኅንነት ነበር።

የአሜሪካኖቹን ምዝገባ ላላየ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር የሚመዘገቡት የያዙትን ሳይጨርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቀንና ሰዓት ይሰጠዋል። ሰዓቱ እስኪደርስ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል፤ ተፈላጊ ኮርስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላልና። ከሞላበት ተጠባባቂ ሆኖ ይመዘገባል። ትምህርት ከተጀመረ በኋላም አስተማሪውን አይቶ፣ ሲላበሱን (የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ) አንብቦ፣ «ይሄስ ለእኔ አይሆንም» ብሎ መውጣት ይችላል። ቀነ ገደብ አለው እንጂ የሚቆጣው የለም። ብራውን ዩኒቨርሲቲማ ይህን የማማረጫ ጊዜ በይፋ «ሾፒንግ» ይሉታል። ገበያ ነው በቃ። ገበያ ደግሞ በነፃ አይደለም። የልጄ ሦስት ክሬዲት የሚያስከፍለውን ሳይ፣ ስለ ድህነት ለመማርም ገንዘብ ያስፈልጋል አልኩ። ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲስተሙ ይዘጋበታል። ምዝገባ የለም።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ግቢው ሣር ላይ ጠረጴዛ ይደረደራል። በየጠረጴዛው አንድ ክለብ። የአየር ንብረቱ፣ የቤት አልባዎቹ፣ እስረኞችን የሚያስተምሩት፣ መራጭ የሚያስመዘግቡት፣ መሀል ላይ ደግሞ የቼዝ ክለብ። ስምህንና ኢሜይልህን ትጽፋለህ፣ ስቲከር ይሰጡሃል። ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበው መተዳደሪያ ደንብ ከጻፉ የራሳቸውን ክለብ ማቋቋም ይችላሉ። ሁሉም ተማሪ ከሚያዋጣው ክፍያ ላይም በጀት ይጠይቃሉ። ማታ ማታ ውይይት አለ፣ ፊልም አለ፣ እንግዳ ተናጋሪ አለ። ፒዛ አለ። ፒዛ ከሌለ ሰው አይመጣም ትላለች ልጄ። እኔን የገረመኝ ፒዛው አይደለም፤ ክፍሉ ነው። ከጓደኞቿ ጋር ስለ ቤት ኪራይ ለመወያየት የመሰብሰቢያ ክፍል የያዘችው በስልኳ ነው፣ ቡናዋን እየጠጣች። «ምን ልትሉ ነው?» ብሎ የጠየቃት የለም።

የእህቴ ልጅ ደግሞ አገር ቤት ሦስተኛ ዓመት ነው። ፎርም ሞላ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲ መደበው። ዲፓርትመንቱን ያገኘው በፍሬሽማን ውጤቱ ተወዳድሮ ነው፤ ሦስተኛ ምርጫው ነበር። ከዚያ በኋላ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ባቹ የሚወስደውን ይወስዳል፣ ሴክሽኑ በተመደበበት ክፍል ይቀመጣል። «ኢሌክቲቭ» የሚባለውን እንኳ የሚመርጠው ዲፓርትመንቱ ነው። ይሄን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው።

እዚህ ላይ «አያችሁ፣ አገር ቤት ምንም የለም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኛ ዲያስፖራዎች እንዲህ ማለት እንወዳለን። ግን እንዲያ አይደለም። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው ሎጂክ ይማራል፣ አንትሮፖሎጂ ይማራል፣ ሥነ ምግባርና ዜግነት ይማራል። «ኢንክሉሲቭነስ» የሚባል ስለ አካታችነት ራሱን የቻለ ኮርስም አለ። ኢንጂነር ልሁን የሚለውም ይወስደዋል። ልጄ ዘንድ የፈለገ ብቻ የሚመዘገብበትን ነገር እኛ ዘንድ ሁሉም ይማረዋል ማለት ነው። በወረቀት ከሄድን እኛ እንበልጣለን።

የእህቴ ልጅ ታዲያ ምን አለኝ? «ጋሼ፣ ኢንክሉሲቭነስ ኤ አምጥቻለሁ። ያስተማሩን ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ልጅ ነበር፣ ተሸክመን ነው የምናወጣው።» ፈተናው ላይ «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ አካባቢ ለመፍጠር ምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ነበር አሉ። ሁሉም መልሶታል። ሞጁሉ ላይ አለ።

ይሄን የሰማሁ ቀን ስለ 1957 ዓ.ም. ሳስብ አመሸሁ። የካቲት ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። መጋቢት ላይ፣ ልክ በወሩ ገደማ፣ አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር ሆነ። አስተማሪዎቹ የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ክፍል ላንገባ ነው ብለው ነበር። አገረ ገዥውም ምክር ቤቱም ተቆጡ። ስለዚህ ትምህርት ሳያቋርጡ ሌሊቱን ሙሉ ማስተማርና መከራከር መረጡ። ከ3,000 በላይ ሰው መጣ። የሴቶቹ ዶርም የሰዓት እላፊ ለዚያች ሌሊት ተነሣ። ቦምብ አለ የሚል ማስፈራሪያም መጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ወጥቶ ብርድ ላይ ቆሞ ተመልሶ ገባ። «ቲች-ኢን» የሚባለው ነገር የተጀመረው እዚያ ነው። ከዚያ በየዩኒቨርሲቲው ተዛመተ።

በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድ ሌላም ነገር ተጀምሯል። የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው በአስተማሪነት። ሃያ ሰዓት አይደለም፤ አንድ ዓመት። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ጭሰኛውን በዓይኑ አየ። ሲሶና እርቦ የሚባለው፣ ጭሰኛው ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚሰጠው ድርሻ፣ የጎረቤቱ ኑሮ ሆነ። መንግሥት ይህን ሲያቅድ መምህር ለማግኘት ብሎ ነው። ያገኘው ግን አይቶ የተናደደ ተማሪ ነው።

ከዚያስ? ጥላሁን ግዛው፣ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት፣ ታኅሣሥ 1962 ተገደለ። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ከሰልፉ አሥር ዓመት በኋላ። በዚያው ዓመት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ተላኩ። ከእነሱ ስንቱን ቀይ ሽብር እንደበላው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል። በእኛም ቤት ፎቶው ብቻ የቀረ አጎት አለ።

እዚህ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1968 እስከ መጋቢት 1969 አድማ መቱ። የጥቁሮች፣ የእስያውያን፣ የላቲኖዎችና የነባር ሕዝቦች ታሪክ ይሰጠን አሉ። ፖሊስ ደበደባቸው፣ ብዙዎች ታሰሩ። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ኮሌጅ ተቋቋመላቸው፤ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ሕግ ደግሞ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ዘርፍ ቢያንስ ሦስት ክሬዲት ሳይወስድ አይመረቅም። አድማው ኮርስ ሆነ። ቁጥር ተሰጠው፣ ክፍል ተሰጠው፣ የፈተና ቀን ወጣለት።

ይሄ ማለዘብ ነው የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። የልጄን ሲላበስ አገላብጬዋለሁ። ሰልፍ፣ አድማ፣ ተቃውሞ ሁሉ አለበት፣ በየሳምንቱ ተከፋፍሎ። ያ በሲላበስ ያለው ነገር ሣሩ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች አራት ተማሪ ገድለዋል። በ2024 ሚያዝያ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጋዛ ድንኳን የተከሉትን ራሱ ግቢው ፖሊስ ጠርቶ ከ100 በላይ ተማሪ ተይዟል። እ.ኤ.አ. የ1968ቱን የኮሎምቢያ ተማሪዎች ተቃውሞ ግን እንደ ታሪካቸው ይተርኩታል። የቆየ ተቃውሞ ይወደዳል፤ የዛሬው ይታሰራል። ቢሆንም፣ እኔ የጠፋ ትውልድ ካለበት አገር ስለመጣሁ ይሆናል፣ ክርክሩ ሦስት ክሬዲት መሆኑን አልንቀውም።

እግረ መንገዴን ስለ እኛ ልጆች አንድ ነገር። የዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት በአሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር የሚከራከረው ስለ መሬትና ስለ ብሔር ጥያቄ ነበር። አሁን በየግቢው ያለው የሀበሻ ተማሪዎች ማኅበር የባህል ምሽት ያዘጋጃል፤ እስክስታ፣ ክትፎ፣ ዲጄ። ትልልቆቹ ይህን አይተው ያሽሟጥጣሉ። እኔ አልፈርድባቸውም። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ልጆች ስለ አገር ካነሱ ይጣላሉ። እስክስታው ቢያንስ አብረው እንዲቆዩ አድርጓቸዋል።

አገር ቤት ደግሞ ተማሪው ኮርስ አይምረጥ እንጂ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የቻሪቲ ክበቡ ልብስ ይሰበስባል፣ ደም ይለግሳል፣ በበዓል አረጋውያን ይጠይቃል። ክረምት ሰፈሩ ሲመለስ ሕፃናት ያስጠናል። ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው፣ ፌሎሺፑ ደግሞ ዶርም ውስጥ ለታመመ፣ ገንዘብ ላለቀበት፣ ቤተሰብ ለሞተበት መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው። እዚህ ልጄ ግቢ አንድ ተማሪ ቢቸግረው ቢሮ አለ፣ ቀጠሮ ይይዛል። እዚያ ጎኑ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ አለ። ይህ ማርክ የለውም፣ ሰርተፍኬት የለውም። ጥያቄ ሲሆን ነው ችግሩ። ልብስ መሰብሰብ ይቻላል፤ ለምን ልብስ እንደሌለ መጠየቅ ፈቃድ ይፈልጋል።

የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ ስለዚያ ፎቅ ውይይት ሊያዘጋጁ አሰቡ። ልጄ ሲላበሷን በቴሌግራም ላከችለት፣ ከዚያ ላይ ሐሳብ ወሰዱ። ራምፕ እንዴት ይሠራ፣ ወይስ ክፍሉ ወደ ምድር ይውረድ፣ ይኸው ነው ነገሩ። ደብዳቤ ጻፉ። የክበቡ ሰብሳቢ ፈረመ፣ የተማሪዎች ጉዳይ ተቀበለ። «ማነው የሚናገረው? ዝርዝሩን አምጡ» ተባሉ። አመጡ። «ጽሑፉንስ?» ተባሉ። እሱንም አመጡ። ሳምንታት ሄዱ። በመጨረሻ ከቢሮው አንድ ደግ ሰው ጠርቶ መከራቸው። «ውይይት» የሚለውን አውጥታችሁ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» በሉት አላቸው።

ተፈቀደ። ማኅተም አረፈበት። «ጥያቄና መልስ» የሚለው መስመር ግን በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ልጆቹ በቦታው «የሻይ ሰዓት» ብለው አርባ ደቂቃ አስገብተዋል። የሻዩን ወጪ ልጄና ጓደኞቿ አዋጥተው ልከዋል።