ማስተካከያ፦ «ኤምፒፎር ከሆነ ይከፈታል» ያልነው ስህተት ነው
የጥምቀትን ቪዲዮ ስልክ ላይ ስለመጫን ስንጽፍ «ፋይሉ ኤምፒፎር ከሆነ በማንኛውም ስልክ ይከፈታል» ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ ጎንደር ፒያሳ ስልክ ቤት ድረስ ሄዳችሁ የተንገላታችሁ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልን።

ኤምፒፎር (MP4) ምስልና ድምፅ አብረው የሚቀመጡበት መያዣ ብቻ ነው፤ መሶቡን አይቶ እንጀራው የጤፍ ይሁን የማሽላ ማወቅ አይቻልም። ምስሉ ኤች 265 (H.265) በተባለው የማመቂያ ዘዴ ከታመቀ፣ ብዙ ቆየት ያሉ ስልኮች ድምፁን እያሰሙ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። የፋይሉን ስም መቀየርም አይረዳም። ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ምስሉን ኤች 264 (H.264) ወደተባለው የቆየ የማመቂያ ዘዴ፣ ድምፁን ኤኤሲ (AAC) ወደተባለው የድምፅ ማመቂያ ቀይሩት፤ ለምስሉ ጥራት 720ፒ (720p) ይበቃል።

ለምስሉ የሚመደበው የመረጃ መጠን (ቢትሬት) በሰከንድ 2000 ኪሎቢት ከሆነ፣ ምስሉ በደቂቃ 15 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በፋሲል መዋኛ ውሃው የሚረጭበት ክፍል ግን ቶሎ ስለሚደበዝዝ ከዚያ ከፍ አድርጉት። ዋናውን ቅጂ አደራ አታጥፉ።