800 ብር ላተረፈው ጀግና

ከ11 ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከገበያ ስመለስ የግቢያችን መግቢያ ተዘግቶ ጠበቀኝ። የዘጋው የጎረቤቴ ሞተር ሳይክል ነበር፤ በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ የሆድ ዕቃው በካርቶን ላይ ተዘርግቷል። ባለቤቱ ከአጠገቡ ተንበርክኮ፣ ስልኩን በጡብ አስደግፎ፣ ቋንቋውን የማይሰማውን የአንድ ሰው ማብራሪያ እየተከታተለ፣ ካቻቢቴውን እንደ መቋሚያ ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር። ምን እንደ ገጠመው ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ እየከዳኝ ነው። መካኒኩ የእጁን ብቻ 800 ብር ጠየቀኝ። ለአራት ቡሎን 800 ብር! ራሴ ፈትቼ ራሴ እገጥመዋለሁ» አለኝ። እኔም ዘምቢሌን በሞተሩ ላይ አሻግሬ፣ ሮንዴላ እንዳልረግጥ እግሬን እየመረጥኩ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ይህን ሰው አንባቢዎቼ በሚገባ ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ቢለያይም ለየግቢው አንድ አንድ ተመድቦልናል። ስለዚህ ዛሬ የተነሣሁት ልወቅሰው ሳይሆን ላመሰግነው ነው። ከተማችን ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ከተከፈተባት ጊዜ አንሥቶ ስንት ወጣት ዓመታት እየፈጀ ሞያ እንደ ተማረባት ሳስብ፣ የእነዚያ ሰዎች የዋህነት ያሳዝነኛል። በየጋራዡም ቢሆን አንድ ልጅ እጁ በዘይት እየጠቆረ፣ 10 ቁጥር ሲባል 10፣ 12 ሲባል 12 ቁልፍ ለአለቃው እያቀበለ፣ ሁለት ክረምት ሳያልፈው ፍሪሲዮን እንዲከፍት አይፈቀድለትም። የእኛ ጀግና ግን ይህን ሁሉ በአንድ የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ጨርሶታል፤ እሱንም እየዘለለ።

ለማያውቅ ሰው ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ጀግናው ይህን አንቀጽም እንደ ልማዱ ሊዘለው ይችላል። በአብዛኞቹ የከተማችን ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ በቀኝ በኩል ካለው ክዳን ሥር፣ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚኖር የዲስኮች ድርድር ነው፤ አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት፣ ደግሞ አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት እየሆነ ይደረደራል፣ ሞላዎችም ከላይ አጥብቀው ይጫኑታል። በግራ እጅ ያለው መያዣ ሲሳብ ጭነቱ ይላላና የሞተሩ ኃይል ከማርሹ ይለያል፤ ሲለቀቅ ዲስኮቹ ተጣብቀው ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ ያደርሳሉ። ሸራው ካለቀ፣ ሞላው ከደከመ ወይም ገመዱ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰውየው ግን የቤዛዊትን ዳገት እንደ ኤሊ ይወጣል። ስለዚህ መካኒክ ከሁሉ አስቀድሞ ገመዱን ያያል፤ ከመያዣው ሥር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ልል ቦታ መኖሩን በጣቱ ይፈትሻል፤ ቀጥሎም ምን ዘይት እንደ ተሞላ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስለሚፈጅና አንድም ቡሎን ስለማያስፈታ ለጀግና የሚመጥን ሥራ አይደለም።

ክዳኑ ተነሣ፣ አራቱ ሞላዎችም ወጡ። እዚህ ድረስ ሥራው የሚያስመሰግን ነበር፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ከዚያ ግን በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው የመሐሉን ትልቅ ዳዶ ሲፈታ ታየ፣ ጀግናችንም ካልፈታሁ አለ። ይህ ዳዶ ጠባዩ ለየት ያለ ነው፤ ቁልፍ ሲገባበት ከነሙሉ ዕቃው አብሮ ይዞራል እንጂ አይፈታም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መያዣ አለ፤ ውድ ነገር አይደለም፣ ደህና ጋራዥ ሁሉ የሚኖረው ተራ ብረት ነው። ጀግናው ግን መያዣ የሚፈልግ ሰው ክንድ የሌለው ነው ብሎ ያምናል። በመጀመሪያ አምስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ የእኅቱን ልጅ የኋላውን ፍሬን በሁለት እጁ እንዲጫን አዘዘው። ልጁ ተጫነ፤ ዳዶው ዞረ። ልጁ አለቀሰ፤ ዳዶው ዞረ። ጀግናው ዐይኑን በግቢው ላይ ሲያንከራትት በዘነዘናው ላይ ዐረፈ።

ባለቤቱ በርበሬ ስትወቅጥ ቆይታ ለአፍታ ወደ ጓዳ ገብታ ነበር። ዘነዘናውን ከነበርበሬው ከሙቀጫው መዝዞ በኋላ ጎማው ሽቦዎች መካከል ሸነቀረው፤ በቁልፉ እጀታ ላይ ደግሞ ክንድ የሚያህል የብረት ቱቦ ሰካበት። በዚህ ጊዜ የአማካሪዎች ጉባኤ ተሟልቶ ነበር፤ የተከፈተ ሞተር ባለበት አማካሪ አይጠፋም። አንዱ ዳዶው ወደ ግራ ይፈታል አለ፤ ሁለተኛው የዚህ ዓይነቱ ግልባጭ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው አለ፤ ሦስተኛው፣ በዕድሜው ከብስክሌት በቀር ያልነዳ ጎልማሳ፣ የዱሮ ፍሪሲዮን አያልቅም ነበር ብሎ በዘመኑ ላይ ፈረደ። ጀግናው የሁሉንም ምክር በየተራ ተቀበለ፤ ወደ ግራ ታገለ፣ ወደ ቀኝ ታገለ፣ በመካከሉ ዐርፎ ሻይ ጠጣ። እጁ በርበሬ ነክቶታልና ላቡን በጠረገ ቁጥር ዐይኑ ይቃጠላል፤ ዐይኑ በተቃጠለ ቁጥር ቁልፉ ይስታል፤ ቁልፉ በሳተ ቁጥር የዳዶው ጠርዝ ይላጣል። ሊመሽ ሲል ቱቦው ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ተፈታ!» ብሎ ጮኸ፤ አማካሪዎቹም አጨበጨቡ። የተሰበረው ዘነዘናው ነበር፤ ከእርሱም ጋር አራት የጎማ ሽቦዎች። ዳዶው እዚያው ነው። በዚያው ቅጽበት ባለቤቱ ከጓዳ ወጥታ ሙቀጫውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ሞተሩን አየችና፣ «ዘነዘናዬስ?» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። ከሁሉ የሚደንቀውን የሰማነው ከቀናት በኋላ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ሸራዎቹን ለመቀየር ያ ዳዶ መፈታቱ ፈጽሞ አያስፈልግም ነበር።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለጥቂት መስመር አቆማለሁ። በማግስቱ ጠዋት ከበራችን ፊት ያለው ቦይ ጠቁሮ፣ ውኃው ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት ተንሳፍፎ አየሁ። ክዳኑ ከመነሣቱ በፊት ከሞተሩ የወጣው አንድ ሊትር የሚጠጋ የተቃጠለ ዘይት እዚያ ተደፍቷል። የሌሊቱ ዝናብ ወዴት እንደሚወስደው በዚህ ከተማ የሚኖር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ጣና በእምቦጭ ሲታነቅ፣ እምቦጩን በእጃቸው ሊነቅሉ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ የቆሙ ገበሬዎችን በዐይናችን አይተናል። ዓሣ የምንበላው ከዚያ ነው፤ በታንኳ የሚውል ሰው ጥሙን የሚቆርጠው ከዚያ ነው። ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅሞ ለሚሰበስበው ጋራዥ መስጠት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ይህ ቁጠባም አይደለም፣ ድፍረትም አይደለም፤ ነውር ነው፣ በአደባባይ የሚፈጸም ነውር። «ሁሉም እኮ እዚያው ይደፋል፣ ጋሼ» ሲለኝ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አዲሶቹ ሸራዎች ከመግባታቸው በፊት በዘይት መነከር ነበረባቸው፤ እንደ ደረቁ ገቡ። ሁለት ሮንዴላ ተረፈ፤ «ፋብሪካው በትርፍ የሚያስገባው ነው» ተብሎ በስኒ ተቀመጠ። የክዳኑ ቡሎኖች ባለ 6 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቡሎን የሚፈልገው ጥብቀት 10 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ማለትም የእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ነው። በዘነዘና የተለማመደ ክንድ ግን ይህን ከየት ያውቃል? አንዱ ተቆርጦ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀረ፣ ክዳኑም ከጫፉ እስከ መሐሉ ተሰነጠቀ፣ ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚገባው ጓርኒሲዮን ተቀደደ፣ አዲሱም ዘይት እንደ አሮጌው ፈሰሰ። ክዳኑ ተቀይሮ፣ የቀረው ቡሎን ቶርኖ ቤት ተወስዶ ከወጣ በኋላ የሙከራው ቀን ደረሰ፤ የግራ እጁ መያዣ ተስቦ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ማንንም ሳይጠብቅ ዘሎ የቆርቆሮ አጥሬን ሳመው።

በመጨረሻ መካኒኩ ተጠራ። መጣ፣ ሁለት ጊዜ ዞረው፣ አጥሬንም አየ፤ «የተነካካ ነው» ብሎ 1,500 ብር ጠየቀ። ከዚያ የወጡትን አሮጌ ሸራዎች አንሥቶ በጥፍሩ ፈተሻቸው። ገና አላለቁም። «ምን ዘይት ነበር የሞላኸው?» ብሎ ሲጠይቀው ጀግናው አንገቱን ደፋ፤ ከሦስት ወር በፊት ከዐማቹ መኪና የተረፈውን ዘይት በነፃ አግኝቶ ሞልቶት ኖሯል። አብዛኛው ማርሽ በእጅ የሚቀየርለት መኪና ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነና ከሞተሩ ዘይት ስለማይገናኝ፣ ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ማንሸራተቻ የተጨመረበት ዘይት አይጎዳውም፤ በሞተር ሳይክል ግን ሞተሩንም ማርሹንም ፍሪሲዮኑንም የሚያጥባቸው አንድ ዘይት ነውና ሸራው ይንሸራተታል። በሞተር ሳይክል ዘይት ቆርቆሮ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ተብሎ፣ ማለትም ፍሪሲዮን የማያንሸራትት መሆኑን የሚገልጽ የጃፓን የደረጃ ምልክት፣ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ሒሳቡን ጀግናው ራሱ በደብተር አስፍሮ አሳየኝ፤ በዚህ ግልጽነቱ አከብረዋለሁ። በድጋሚ የተገዛ ዘይት 700 ብር፣ በድጋሚ የተገዛ ጓርኒሲዮን 250፣ ቶርኖ ቤት 600፣ የጎማ ሽቦ 400፣ ያገለገለ ክዳን 2,500፣ መካኒክ 1,500፤ ድምሩ 5,950 ብር። ከዚህ ላይ ያተረፈው 800 ብር ሲቀነስ 5,150 ይቀራል። የ11 ቀን የባጃጅ ሒሳብ አልተጻፈም፤ የእኔ ቆርቆሮም አልተጻፈም። እኔ ቆርቆሮዬን ላስታውሰው አፌን ስከፍት፣ ባለቤቱ ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብላ ደብተሩን እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችና እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀብላ፣ ከድምሩ ሥር «ዘነዘና» ብላ ጻፈች።