18 ዓመት በሜሪላንድና በመንዝ

እዚህ ሜሪላንድ የሐበሻ አባቶች ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው። «የፈረንጅ ልጅ 18 ሲሞላው ውልቅ ይላል፣ የእኛ አገር ልጅ ግን እስኪያገባ ከአባቱ ቤት አይወጣም።» ይቺ አባባል ለአዲስ አበባ ልጅ ትሠራ ይሆናል። ለሰሜን ሸዋ ገጠር ግን አትሠራም።

ወንድሜ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ራቅ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ በአቅራቢያው ሁለተኛ ደረጃ ስለሌለ መሐል ሜዳ ላይ ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየ። ገና 15 ዓመቱ ነበር። ክፍሏን ሄጄ አይቻታለሁ። ጭቃ ቤት ናት፣ ግድግዳዋ ጋዜጣ የተለጠፈበት። መሬት ላይ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የበሶ ከረጢት። ከተማው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ የዋዛ አይደለም፤ ልጆቹ ማታ ማታ ባና ተከናንበው ነው የሚያጠኑት። አርብ ከሰዓት በእግሩ ወደ ቤት፣ እሑድ ሽሮና ድርቆሽ ተሸክሞ መልስ። ወጡን ራሱ ይሠራል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ከአከራይዋ ጋር በመብራት ሒሳብ ይጨቃጨቃል። ይህን ልጅ ግን «ከቤት ወጣ» የሚለው አንድም ሰው የለም። ትምህርት ላይ ነው፣ በቃ።

የእኔዋ ትልቋ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታለች። የምታድረው ቤት ነው፣ የምትበላው ቤት ነው፣ ክፍያው የሚመጣው ለእኔ ነው። ውጤቷን ልይ ስል ግን የእሷ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልኩ። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ፤ ልጅ 18 ከሞላው ወይም ኮሌጅ ከገባ የትምህርት መዝገቡ የራሱ ነው።

ይህን ለወንድሜ በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። «ወንድምዓለም፣ ታዲያ ካላሳየችህ ለምን ትከፍላለህ?»

በሕጉ ከሄድን እኮ አገር ቤትም አካለ መጠን 18 ነው። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም እንደዚያው ይላል። ግን ወንድሜ ገበያ በግ ሸጦ ሲመለስ ትምህርት ቤቱ ጎራ ካለ መምህሩ ቁጭ አድርጎ ሁሉን ይዘረዝርለታል። ልጁ 20 ቢሞላው እንኳ ማን ፈቃድ አምጣ ይለዋል?

መጀመሪያ ቀናሁበት፣ አልዋሽም። እያደር ግን ሌላ ነገር አየሁ። እኔ ውጤቷን ማየት ስለማልችል ልጄን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ፤ መኪና ውስጥ፣ ዕቃ ስናጥብ፣ እንደ ቀልድ። እሷም መናገር ስትጀምር ከውጤቱ አልፋ ትሄዳለች፤ የትኛው መምህር እንዳስመረራት፣ የትኛውን ኮርስ ልትጥል እንዳሰበች ሳይቀር ትነግረኛለች። ወንድሜ ቁጥሩን ሁሉ ያውቃል፣ ልጁ የሚያስበውን ግን አያውቅም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2015 ይፋ በሆነው ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶው ሦስት ገደማ ነበር። ያ ቁጥር ተማሪው ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ ተቀርጿል። ልጁ ለእኔ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብገባ ይሻለኛል፤ ለአባዬ ግን እንዳትነግረው» አለኝ። በጉን የሚሸጥ አባት ፊት ይህን ማን ደፍሮ ይናገራል? በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት ሰላም እየታጣ ትምህርቱ ሲቋረጥና ሲቀጥል ነው የከረመው።

አልነገርኩትም። ይልቅ ወንድሜን «ልጁን ስለ ውጤት ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር አጫውተው እስኪ» አልኩት። «ምን ብዬ?» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው፣ እኛን ያሳደገን አባት እንደዚያ አጫውቶን አያውቅም።

የእኔ ትንሹ 17 ነው። የአጎቱ ልጅ በ15 ዓመቱ ብቻውን ቤት ተከራየ ሲባል ሰምቶ ዓይኑ በራ። «እኔስ ለምን አይፈቀድልኝም?»

ይፈቀድልሃል አልኩት፤ ውኃ ከቦኖ እየቀዳህ፣ ከሰል እያቀጣጠልክ፣ ዋይፋይ የሌለበት ክፍል ለሦስት። ትንሽ አሰበና የሳምንቱ መጨረሻ ላይ መኪናዬን እንዳውሰው ጠየቀኝ።