የአዲስ አበባውን ኮንዶሚኒየም ፎርሙ ላይ ጻፉት

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ዕዳ አንቆ ሲይዘው ባንክራፕሲ (ዕዳ በፍርድ ቤት በኩል የሚሰረዝበት ወይም በዕቅድ የሚከፈልበት ሕግ) የሚለው ነገር የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። በአንዱ ክሬዲት ካርድ የሌላውን ይከፍላል። ከዘመድ ይበደራል። እቁብ ቀድሞ እንዲሰጠው ይለምናል። ሲብስበት ደግሞ የጡረታ ገንዘቡን ከ401ኬ ያወጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። 401ኬ ውስጥ የተቀመጠን ገንዘብ ባንክራፕሲ ቢገባም አበዳሪ አይነካውም። ሰውየው ግን ሕግ የጠበቀለትን ገንዘብ አውጥቶ፣ ሕግ ሊሰርዝለት ይችል ለነበረ የካርድ ዕዳ ይከፍላል።

ለግለሰብ በብዛት የሚሠሩት የባንክራፕሲ መንገዶች ሁለት ናቸው። ቻፕተር 7 ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ነው። የካርድና የሕክምና ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ይሰረዛል። ቻፕተር 13 ደግሞ ገቢ ላለውና ንብረቱን ማትረፍ ለሚፈልግ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት በዕቅድ ይከፈላል። የልጅ ማሳደጊያ በሁለቱም አይሰረዝም። የተማሪ ብድርም እንዲሁ በቀላሉ አይሰረዝም።

ቻፕተር 7 ሲባል ሰው የሚታየው ሶፋው ሳይቀር ተጭኖ ሲሄድ ነው። እውነቱ ግን አብዛኛው መዝገብ አንድም ዕቃ ሳይሸጥ ይዘጋል። የማይነካው ንብረት ዝርዝር በየስቴቱ ይለያያል። ዲሲ የራሳችሁ መኖሪያ ቤት ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ይጠበቅላችኋል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ከገባችሁ ግን ጣሪያ አለው። ከ2 ዓመት ወዲህ ስቴት ከቀየራችሁ ደግሞ የሚሠራባችሁ የድሮው ስቴት ሕግ ሊሆን ይችላል።

መኪናን እንይ። 18,000 ዶላር የምታወጣ መኪና አላችሁ፤ 15,000 ዶላር ብድር አለባት። ሕጉ የእናንተ ብሎ የሚቆጥረው 3,000ውን ብቻ ነው። የፌዴራሉን ዝርዝር መምረጥ በሚፈቅዱ ቦታዎች ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለመኪና እስከ 5,025 ዶላር ይጠበቃል። ስለዚህ መኪናዋ አትሸጥም። ወርሃዊ ክፍያውን ካቋረጣችሁ ግን ባንኩ ይወስዳታል፤ እሱን ቻፕተር 7 አያስቀርላችሁም።

እኛን የሚጥለን ሌላ ነገር ነው። ይሉኝታ። ፋይል ከማድረጋችን በፊት «የአጎቴን ብር ሳልመልስማ አልገባም» እንላለን። ፋይል ከመደረጉ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለን ዕዳ ግን ትረስቲው፣ ማለትም መዝገቡን ይዞ ንብረታችሁን የሚያጣራው ሰው፣ ከራሱ ከዘመዱ ሊያስመልሰው ይችላል። አጎት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ነው እንግዲህ ጉዱ የሚፈላው። መኪናን በወንድም ስም ማዞርም ያው ነው። ኮሳይን ያደረገላችሁ፣ ማለትም ብድሩ ላይ አብሯችሁ የፈረመ ሰው ካለ ደግሞ የእናንተ ዕዳ ቢሰረዝም የእሱ አይሰረዝም፤ ዕዳ ከሜዳ ይመጣበታል። አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከሁሉም የከፋው የአገር ቤቱ ንብረት ነው። «አዲስ አበባ ያለውን ኮንዶሚኒየም ማን ያውቅብኛል? ትረስቲው ቦሌ ድረስ ሄዶ አይሸጠው!» የሚል ምክር በየካፌው ይሰጣል። ሕጉ የሚለው ንብረቱ የትም ይሁን፣ በማንም እጅ ይሁን፣ የባንክራፕሲው ፎርም ላይ ይጻፍ ነው። ትረስቲው ቦሌ መሄድ አያስፈልገውም። አስምሎ «ንብረታችሁን ሁሉ አስመዝግባችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። የባንክ ስቴትመንታችሁን ያያል፤ ለቤቱ በየወሩ የላካችሁት ብር እዚያ ላይ አለ። መደበቅ የዕዳ ስረዛውን ሊያስከለክል ይችላል፤ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀልም ነው። ባንክራፕሲ ራሱ ግን ወንጀል አይደለም። ስንቱ ወንጀል ያልሆነውን ነገር እያፈረ ወንጀሉን ይሠራል!

ቤቱ ተጻፈ ማለት ሄደ ማለት አይደለም። ቻፕተር 13 የተሠራው ለእንዲህ ያለው ነው። ቤቱ ቢሸጥ አበዳሪዎች ያገኙት የነበረውን ያህል ቢያንስ በዕቅዱ ዘመን ከከፈላችሁ፣ ቤቱ የእናንተ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ሒሳብ የሚሠራላችሁ ግን የባንክራፕሲ ጠበቃ ነው። ፎርም የሚሞላላችሁ ታክስ ሠሪ የትኛው ንብረት እንደሚጠበቅ ሊመክራችሁ በሕግ አይፈቀድለትም። ብዙ ጠበቆች የመጀመሪያውን ቀጠሮ በነፃ ያነጋግራሉ፤ የካርታውን ወይም የውሉን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ።