ይድረስ በሳሎኔ ግድግዳ ውስጥ በሰያፍ ለተኙት ክቡር ሽቦ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከመብራት በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን የምጽፍልዎ በሻማ ነው። የተዋወቅነው ባለፈው ቅዳሜ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ቬንትሌተር ሊሰቅል ግድግዳውን በድሪል ሲበሳ። የአዳማን ሙቀት ያውቁታል። ድሪሉ ሁለት ሴንቲ እንደገባ «ጧ!» አለ። ሰማያዊ ብልጭታ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ከዚያ ጨለማ። ወንድሜ ከነወንበሩ ወረደ። ዕድሜ ለድሪሉ የፕላስቲክ አካልና ለብሬከሩ፣ ከድንጋጤ ሌላ ምንም አልሆነም።

ግን እዚያ ቦታ ምን ይሠሩ ነበር? የእርስዎ ወገን ከሶኬት ሲነሳ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኮርኒስ ሥር ሲደርስ አግድም ይሄዳል። ሰውም ሶኬቱን አይቶ ይገምትና ከመስመሩ ሸሽቶ ይበሳል። እኛም ሸሽተን ነበር። እርስዎ ግን ከግራ ጥግ ተነስተው ወደ ቀኝ ላይኛው ጥግ፣ ማሳ እንደሚያቋርጥ ፍየል! ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 3 ሜትር አግድም፣ 2 ሜትር ወደ ላይ፤ በወጉ 5 ሜትር ይፈጃል። በሰያፍ 3.6። 1.4 ሜትር ሽቦ ቆጥበውልኛል። ውለታዎ አለብኝ።

እርስዎን የዘረጋዎትን ልጅ አስታውሰዋለሁ። ቤቱን ስናድስ ብሎኬቱን በመሮ ሲፈለፍል አይቼ «ቱቦ አታስገባም እንዴ?» ብዬው ነበር። «እትዬ፣ ምን ያደርጋል? ልስን ይሸፍነዋል። ማን ያየዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማንም አላየዎትም። እኔም የመጋረጃውን ጨርቅ ሠላሳ ጊዜ ፎቶ ሳነሳ፣ ግድግዳውን ሳይለሰን አንዴ ማንሳት ትዝ አላለኝም። ቱቦ ውስጥ ቢሆኑ አዲሱን ሽቦ ከጫፍዎ አስረን፣ ጎተት አድርገን በሰላም እንሸኝዎ ነበር። አሁን እርስዎን ለማውጣት ግድግዳው መፍረስ አለበት። ቀለሙ ገና ዓመት አልሞላውም።

የሚያበግነኝ ምን መሰለዎ? ከከተማችን ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖች ተገትረዋል። በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው። እነሱ ነፋሱን ወደ መብራት ይቀይራሉ። እኔ ደግሞ መብራቱን መልሼ ወደ ነፋስ ልቀይር ነበር። መሀል ላይ እርስዎ ተኝተው ተገኙ።

ወለል ሥር ያሉትን ወንድምዎንም ላንሳ፤ ለምጣዱ የተዘረጉትን። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር መሆኑ ነው። ወንድምዎ በየት በኩል እንደሚያልፉ ማን እንደነገረኝ ይገምቱ። ድመቷ! እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ከበሩ ሦስተኛው ሴራሚክ ላይ ሄዳ ጥቅልል ትላለች። አዳማ ውስጥ ሙቀት ፍለጋ የሚዞር ድመት አይተው ያውቃሉ? እጄን ሳሳርፍ ሴራሚኩ ለብ ብሏል። እዚያ ሥር ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ መቀበሩን ለመጠርጠር ኢንጂነር መሆን አይጠይቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ምጣዱ ተነቅሏል። እንጀራ ከሱቅ ነው።

ነገ ጠዋት ሌላ ባለሙያ ይመጣል። ቱቦ ይዞ እንዲመጣ አስጠንቅቄዋለሁ። እርስዎ ባሉበት ላይ በጠመኔ አስምሬያለሁ፤ ሦስተኛው ሴራሚክ ላይም የኤክስ ምልክት አድርጌያለሁ። ድመቷ ምልክቱ ላይ ቁጭ ብላ ምጣዱ እስኪሰካ ትጠብቃለች።

አክባሪዎ፣
የግድግዳው ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ የዘረጋዎት ልጅ ስልኬን አያነሳም። እርስዎ መስመር ላይ ስለሆኑ ካገኙት ሰላም ይበሉልኝ።