ይድረስ ሙሉ በሙሉ የታደሰ ቤት ላሳዩኝ ለተከበሩ ደላላ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ የኮቴ ግራ ክንድ ክሬም ቀለም ከመሆኑ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። «ያ ልጅ እናት የለውም እንዴ?» እያለች ስለ እርስዎ ደጋግማ ትጠይቃለች።

ማስታወቂያዎን ያነበብኩት ቴሌግራም ላይ ነው። «ሱሉልታ፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ ለቤተሰብ ምቹ፣ 200 ካሬ፣ ከአስፋልት ገባ ብሎ፣ ፊት ለፊቱ ውሃ፣ ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ በአስቸኳይ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።» ፊት ለፊቱ ውሃ! ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም ብለን ስንቆዝም እርስዎ እንጦጦ ጀርባ አገኙልን። ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ እንደሚያቁር አገር ያውቃል። የባሕር ዳርቻ ቤት ብለው ሊሸጡት የሚችሉት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

«ከአስፋልት ገባ ብሎ» የሚለውን ለባጃጅ ሹፌሩ ስነግረው ሳቀና ሂሳቡን እጥፍ አደረገው።

የቤት ባለቤቶችዎ ሁሉ ደግሞ ውጭ ሊሄዱ ነው። በእርስዎ ማስታወቂያ ስሌት ከሆነ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ቤት የሠራ ሰው አንድም አልቀረ።

አሁን ወደ ቅዳሜው እንምጣ። እናቴን ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ። ሌሎች ባልና ሚስትንም በዚያው ሰዓት ጠርተው ኖሮ እዚያው ቆመዋል፤ ገዢ ከገዢ እንዲፋጠጥ መሆኑ ነው፣ ገብቶናል። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ አለ። በሩን መክፈት ትተው «ብሮ፣ ቅድሚያ አቅም እንይ፤ ዝም ብሎ የሚጎበኝ ሰው በዛብን» አሉኝ። ለነፍስ አባቴ እንኳን የማልናገረውን ሂሳብ በሞባይል ባንኪንግ ከፍቼ እንዳሳይዎ ነው የጠየቁት። እናቴ ፊት፣ የማላውቃቸው ባልና ሚስት ፊት፣ የሰፈር ልጆች ፊት። እምቢ ብዬ እንዳልመለስ ያን ሁሉ መንገድ መጥተናል፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ኔትወርኩ ያዘነልኝ ይመስል ዞረ ዞረና እምቢ ሊል ነበር። ከዚያ ቁጥሩ ወጣ። አንገትዎን አስግገው አዩ። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ። ጮክ ብለው አነበቡት። ከነሳንቲሙ!

«ኧረ ይሄ ቀብድም አይሆን» አሉ። ባልና ሚስቱ መሬት መሬት አዩ። ዘበኛው ግን አላፈረም፣ ሳቀ። እኔ ደግሞ ቀሪው ገንዘብ እህቴ ጋ መሆኑን፣ ዕቁቤ ሊወጣ መሆኑን፣ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሲሸጥ የሚመጣ ብር መኖሩን፣ በር ላይ ቆሜ እንደ ተከሳሽ ዘረዘርኩልዎ። እርስዎ ወደ እናቴ ዞሩና «እማማ፣ ልጅዎ ለሽርሽር ነው እንዴ ያመጣዎት?» አሏት። ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ነገር አለ።

ከዚያ የማሳያ 500 ብር ተቀበሉኝ። ገንዘብ እንደሌለኝ አረጋግጠው ሲያበቁ።

ገባን። ሁሉም ያበራል። ሳሎኑ ክሬም፣ ኮርኒሱ ነጭ፣ መሬቱ አዲስ ሴራሚክ። የቀለሙ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። «የልጆች መኝታ» ብለው ያስገቡን ክፍል ውስጥ አንድ ካሌንደር ተሰቅሏል፤ ጉልበቴ ድረስ ብቻ በሚሆን ከፍታ፣ አልጋ ጥግ። እናቴ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «ይሄ ለድመት ነው?» አለችና አነሳችው። ከኋላው ያለው ስንጥቅ እጅ ያስገባል። ጂፕሰሙ እፍኝ በማይሞላ ፍርፋሪ ወለሉ ላይ ረገፈ። ከጂፕሰሙ ስር ጭቃ፣ ከጭቃው ጭድ፣ ከጭድ ወዲያ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ማገር። በዚያ መሃል ምንም ያልተሸፈነ የመብራት ገመድ አለ፤ እርጥቡን ጭቃ ተደግፎ ወደ ሶኬቱ ይወርዳል። ደንግጬ ግድግዳውን በክንዴ ስደገፍ ነው ኮቴ የታደሰው። እርስዎም «ቤት የሚገዛ ሰው እኮ ግድግዳ አይነካካም» አሉ።

እዚህ ላይ ቀልዱ አልመጣልህ አለኝ። ታውቃለህ። ያን ካሌንደር ማን እንደሰቀለው ታውቃለህ፣ ምን እንደሚደብቅም ታውቃለህ፤ አውቀህ ነው «እዚህ ሁለት አልጋ ይገባል» ብለህ ለእናቴ በእጅህ የለካህላት። ሰው ምሳውን እየቆጠበ፣ ዕቁብ እየጣለ፣ ከዘመድ እየተበደረ ያጠራቀመውን ብር ልጆቹን በዚያ ገመድ ስር እንዲያስተኛበት ነው የምትቀበለው። ቆዳዬን መግፈፍህ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ጭቃ ቤትም ነውር የለበትም፤ እኔም ያደግሁት ጭቃ ቤት ነው። ጭቃ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ማገሩ ይቀየራል በለኝና ዋጋውን ቀንስ። የምትከለክለኝ ግን እሱኑ ነው። በቀለም ሸፍነህ፣ የብሎኬት ዋጋ ጠይቀህ፣ ከላዩ 2 ከመቶህን ቆርጠህ ልትሄድ።

ይቅርታ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ።

የኩሽናው ቧንቧ ሲከፈት ሳል ብቻ ነው ያወጣው። ሮቶውን ባንኳኳው ባዶ ነው። ፊት ለፊቱ ውሃ ካለ ውስጡ ምን ያደርጋል፣ ልክ ነዎት።

ካርታውን ስጠይቅ ፎቶ ኮፒ አሳዩኝ፤ የፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ። ማኅተሙ ጥላ ሆኗል። ሱሉልታ ከ2015 ወዲህ ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች፣ ፋይሉ የት ቢሮ ነው ብል «እሱን እኛ እንጨርሳለን» አሉ። ቢሮ ለቢሮ የዞረ ሰው ይህን አረፍተ ነገር ሲሰማ ሆዱን ይቆርጠዋል። ዕዳና እገዳ እንዳለበት ላጣራ ስልም ተቆጡ። ይልቅ የመንደር ውል እንፈራረም፣ ውልና ማስረጃ ስንሄድ ደግሞ ለቴምብሩ እንዲቀል ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ብለው መከሩኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። እርስዎ «እኛ ፊት» ይላሉ። እናንተ ፊት የተፈራረመ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ነው፤ ቤቱን ሦስት ሰው ገዝቶታል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደወሉልኝ። ሌላ ደንበኛ ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው፣ ለእኔ ሲሉ ግን እስከ ማታ ያቆዩልኛል፣ ዋጋው ትንሽ ጨምሯል። ለምን ጨመረ ስል «ያ ክፍል እንደገና ታደሰ እኮ» አሉ። ምን ተደረገለት? «ካሌንደሩን አንስተን ቁም ሳጥን አስገባንበት።»

አልገዛም። 500 ብሬን ይመልሱልኝ። የሂሳብ ቁጥር አይጠይቁኝ፣ ስልኬ ላይ አንብበውታል።